ከደሙ ቀድሞ የደረሰ አልጋ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
የካቲት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለእትዬ የሺወርቅ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከደጃፍዎ አይራቅ እያልኩ ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ። እንዴት ሰነበቱ? የባሕር ዳር ሙቀት ጀምሮ ይሆናልና እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከሥራ ድካም በቀር ምንም አልሆንኩም።

ጋሼ ወንዳፍራሽ ሐሙስ ዕለት በሰላም ገብተዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ስጠብቅ መንገደኛው ሁሉ ወጥቶ አለቀና እሳቸው የሉም። ልቤ ሊወጣ ሲደርስ ከሁሉም ኋላ ብቅ አሉ። ለካ መተላለፊያው ላይ በግድግዳው የተሰቀለውን የአንበሳና የቀጭኔ ሥዕል አንድ በአንድ እየቆሙ ሲያዩ ነው የዘገዩት። «አገር ጎብኚ ሆኑ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩባቸው። ከዚያ ወዲህም እንደዚያው ናቸው። ገበያ ይዣቸው ስወጣ በየሱቁ መስኮት ቆመው ጫማውንም ሬዲዮውንም ሳያዩ አያልፉም። ናይሮቢ ደስ ብላቸዋለች መሰለኝ።

የግራ እግራቸውን አውራ ጣት አየሁት። ጠቁሯል፤ ቁስሉም አልደረቀም። የሳይክል ካቴና ቆርጧቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እዚያ ያለው ሐኪም እግሩ ከጉልበት በላይ ይቆረጥ ማለቱን እስካሁን ከአፋቸው አልሰማሁም፤ ያንን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። እሳቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ «የወንድሜን ልጅ ልጠይቅ መጥቼ ነው» ነው የሚሉት። ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ ዘበኛ፣ እዚህ አስካሪ ይሉታል፣ ትላንት ጥቁሩን ከባድ ሳይክሉን ገልብጦ ሲታገል አገኙት። ስዋሂሊ አያውቁ፣ እሱ አማርኛ አያውቅ፤ ከጎማው ውስጥ ካላማደሪያውን አውጥተው፣ ለጥፈው፣ ጎማውን ነፍተው ሰጡት። አሁን ሲያያቸው ቆሞ ነው ሰላም የሚላቸው።

ስለ ሕክምናው አይስጉ። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል አዲስ የሲቲ ስካን ማሽን አስገብቷል። ከደረት በታች ካለው ከትልቁ የደም ሥር ጀምሮ እስከ እግር ጣት ድረስ ደሙ በየት እንደሚሄድና የት እንደሚዘጋ ያሳያል። የማሽኑ ባለሙያ ደግሞ እኔው ነኝ። ስዕሉን የምታነበው ዶክተር ሙቱኩ ጎበዝና ደግ ሴት ናት። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሐኪሙ ጋ አቀርባቸዋለሁ።

በፈድሉ ሱቅ ስልክ እደውልልዎታለሁ።

የእርስዎው ልጅ
እህተማርያም


ባሕር ዳር
የካቲት 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለእህተማርያም፤

ማርያም ከነስምሽ ትጠብቅሽ። የሄድሽበት ይቅና፣ የነካሽው ይባረክ፣ አንቺን ያሳደገ አገር አይጥፋ። እኔ ይመስገነው ደህና ነኝ። ጉልበቴም አለ።

ደብዳቤሽን ሀብተወልድ በሰው ልኮልኝ ደርሶኛል። ለካ ያ ሰው ናይሮቢ ምግብ ቤት ከፍቶ ሀብታም ሆኗል። በርበሬ ሊገዛ አዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ደብዳቤ ይዞ ለመመላለስ ቃል ገብቶልኛል፤ እግዜር ይስጠው።

ስልኩን ግን ተይው ልጄ። ባለፈው ፈድሉ ሱቅ ስትደውይ እኔ ከኋላዬ ማን ማን ቆሞ እንደነበር አታውቂም። የሠፈሩ ሰው ስኳር ሊገዛ መጥቶ ጆሮውን አቁሞ ይሰማል። ካርድሽ «እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ ይመስገን» ስንባባል አለቀ። መጨረሻ ላይ ጋሼ ሲራመዱ ያማቸዋል ወይ ያልሽኝ መሰለኝ። ደህና ነው አልኩሽ። ሌላ ምን ልበልሽ? ሱቅ ውስጥ ቆሜ የባሌን ገመና ልዘርዝር? ጻፊልኝ፤ እኔም እጽፋለሁ። እጄ ቀርፋፋ ቢሆንም የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ያስተማሩኝን ፊደል አልረሳሁም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ቆረጣ የሚሉትን ነገር ከእኔ ቤት አርቂልኝ። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይክል ሲጠግን፣ ሳይክል ሲያከራይ የኖረ ነው። ይህ ሐኪም ቃሉን የተናገረ ቀን ወንበሩን ገፍቶ ወጣና እስከ ማታ ቤት አልገባም። በማግሥቱ ናይሮቢ እሄዳለሁ አለ። እግሩን ይዞ ሄዷል፤ እግሩን ይዞ ይመለስልኝ። ከዚህ ሌላ ከናይሮቢ ምንም ዕቃ አልፈልግም። ባለፈው ጫማ ላኪልኝ ያልኩሽንም ተይው።

ደግሞ ጾሙ ገብቷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አይቀምስም፤ እንዳትጨቃጨቂው። ለአንቺ ጋቢ፣ ለእሱ የጾም ሽሮ ልኬያለሁ።

በየሳምንቱ ጻፊልኝ።

የሺወርቅ


ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
መጋቢት 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለክብርት እትዬ የሺወርቅ፤

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርስዎ። ጋቢው ደርሶኛል። እዚህ የክረምቱ መጀመሪያ ስለሆነ ማታ ማታ ይበርዳልና ተጠቅልዬበት ነው የምጽፍልዎ። ሽሮውን ግን ጋሼ ከጎረቤቴ ከኩለሱም ጋር ተካፍለው ጨርሰውታል። እሷ የሐረር ልጅ ናት፤ ሙስሊም ብትሆንም ጾማቸውን ከእኔ በላይ የምትጠብቅላቸው እሷ ናት። ዘይትና ቅመም እያበዛች የሠራችላቸውን ሳምቡሳ የእርስዎን ምግብ ከነቀፉ በኋላ ነው የሚያመሰግኑት፤ አይቀየሙ።

ምርመራው ተደርጓል። እንዴት እንደተደረገ ልንገርዎ፤ እርስዎ የነገር ሥር ካልያዙ እንቅልፍ እንደማይወስድዎ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ቀዶ ሐኪሙ እንግሊዝኛ እየተናገረ፣ እኔ እያስተረጎምኩ ጠየቃቸው። ምን ያህል መንገድ ሳያርፉ ይራመዳሉ? ማታስ ያምዎታል? ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን የመጡ ጠያቂዎች አጠገባቸው ነበሩ። ጋሼ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው እግዚአብሔር ይመስገን፣ የፈለግሁት ቦታ እደርሳለሁ፣ የቸገረኝ ይቺ ጣት ብቻ ናት አሉ። እኔም እንዳሉት አስተረጎምኩ፤ ሐኪሙም እንዳስተረጎምኩት ያዘ።

ከዚያ ማሽኑ ላይ አስተኛናቸው። እግራቸውን ወደ ማሽኑ ቀዳዳ አድርገን፣ ሁለቱን እግሮች እንዳይንቀሳቀሱ ገጥመን በፕላስተር አሰርናቸው። «ምን ሰረቅሁ?» አሉኝ። በክንዳቸው የደም ሥር በመርፌ መድኃኒት ይገባል። መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ሲሄድ የሄደበትን ሁሉ በስዕሉ ላይ ነጭ ያደርገዋል። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሙቀት ይለቃል፤ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ እሳቸው ግን ባሕር ዳር የገባሁ መሰለኝ ብለው ሳቁ።

የእኔ ሥራ ሰዓቱን መግጠም ነው። ሆድ ውስጥ ያለውን ትልቁን የደም ሥር በስክሪን እጠብቃለሁ። እዚያ ቦታ ነጭ ሲሆን መድኃኒቱ ደረሰ ማለት ነውና አልጋው እንዲንቀሳቀስ አዛለሁ። አልጋው እየተንሸራተተ ከጎድን በታች ጀምሮ እስከ ጣት ጫፍ ማሽኑን ያልፋል። የአልጋው ፍጥነት፣ መድኃኒቱ የሚገባበት ፍጥነት፣ የእያንዳንዱ ስዕል ስስነት፣ ሁሉም አስቀድሞ ማሽኑ ላይ ይሞላል። አሮጌው ማሽናችን ቀርፋፋ ነበር፤ አዲሱ ግን ከሆድ እስከ ጣት በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳል። ለጤነኛ እግር በለመድነው ፍጥነት ሞላሁት። ሥራው በደንብ ሄደ።

ስዕሉ ከጉልበት በታች እንደሚፈለገው አልጠራም። ሐኪሞቹ እየመከሩበት ነው።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዶክተር ሙቱኩ ናት የጠየቀችኝ፤ እኔም እንዳልረሳው ብዬ ነው። ጋሼ አገር ቤት ሳሉ በእውነት ምን ያህል ይራመዱ ነበር? ማታስ እንዴት ነው የሚተኙት? ለእሳቸው አልነግራቸውም፤ ለማንም አልነግርም። በቶሎ ይጻፉልኝ። ሀብተወልድ ሰኞ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሳምንት ብቻ ነው የሚቆየው።

አክባሪዎ
እህተማርያም


አዲስ አበባ
መጋቢት 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለልጄ ለእህተማርያም፤

አምላክ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽም ይከተልሽ።

አዲስ አበባ የሚለውን አይተሽ አትደንግጪ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሀብተወልድ ሊመለስ ጥቂት ሲቀረው ነው። እንዲያደርስልኝ የሰጠው ሰው ጎጃም በረንዳ ላይ ስንት ቀን ይዞት እንደከረመ እግዜር ይወቀው። ይህን በሰው እጅ ከምልክ ብዬ በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ራሴ መጣሁ። ሀብተወልድ በርበሬው አልደረቀለትም ነበርና በረራውን አዘግይቶ ጠበቀኝ። እህቱ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ቴሌ ገብተሽ ደውይላት ብለውኝ ነበር። ስልክ ላይ ግን ምላሴ ደህና ነው ከማለት ሌላ አልለመደም። ደግሞ እሱ አጠገብሽ ይኖራል፤ አንቺም የምልሽን ጮክ ብለሽ ትደግሚዋለሽ።

መጀመሪያ ልቆጣሽ። «እየመከሩበት ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ ያልተማርኩ ብሆን ሞኝ አይደለሁም። የሰው ሞት ሲደበቅም እየመከሩበት ነው ይባላል። ሊቆርጡት ነው አይደለም? ሰውየው ቁርጡን ከሰማ እኔም ቁርጡን ልስማ። ካልቆረጡትም ንገሪኝ፤ ይኸው ደብዳቤሽ ከመጣ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

አሁን ደግሞ እኔ የደበቅሁሽን ልንገርሽ። ጋሼሽ ከበራችን ተነስቶ ፈድሉ ሱቅ ሳያርፍ መድረስ ካቃተው ሁለት ዓመት አልፎታል። ትንሽ ሲሄድ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። ቆም ሲል ይለቀዋል። ደግሞ ትንሽ ይሄዳል፣ ደግሞ ይቆማል። ሰው እንዳይጠይቀው የማያየውን ዕቃ ያያል፣ የማያውቀውን ሰው ሰላም ይላል። በሳይክል ሲሆን ብዙም አያመውም፤ ስለዚህ ሽንት ቤት ካልሆነ በቀር የትም የሚሄደው በሳይክል ነው። የሠፈሩ ሰው ወንዳፍራሽ በእርጅናውም ጎበዝ ነው ይላል። እኔ ነኝ የማውቀው።

ማታ ማታ ደግሞ ተኝቶ ማደር አይችልም። እግሮቹን ከአልጋው ወደ መሬት አንጠልጥሎ ነው የሚያንቀላፋው። ሁለቱንም ልጄ፤ የግራው ብቻ አይምሰልሽ። ከፍ ካደረጋቸው ይበርዱበታል፣ ይነድዱበታል፤ ሲያንጠለጥላቸው ይለቁታል። ምነው ስለው ሙቀቱ ነው ይለኛል። ባሕር ዳር ስኖር ዕድሜዬን ሙሉ ሙቀት አላንጠለጠለኝም።

ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም ብትዪኝ፣ በማርያም አስምሎኛል። ደግሞም ባል ሲደክም ሚስት አደባባይ አታወጣም ተብዬ ነው ያደግሁት። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ለንስሐ አባቴ እነግራቸዋለሁ። ከተናገርኩት አንዱ ውሸት ቢሆን ዐይኔን ግንባር ያድርገው።

ይህ ለሥዕላችሁ ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም። የጠየቅሽኝን መለስኩልሽ። አንቺም የጠየቅሁሽን መልሺልኝ።

እናትሽ
የሺወርቅ


ናይሮቢ
ሚያዝያ 10 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእትዬ የሺወርቅ፤

የሰሙነ ሕማማት ስግደትዎን ይቀበልልዎ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ የጋሼ እግር አልተቆረጠም። አሁን ቁጭ ብለው እህል ይቅመሱ፤ ሌላውን ቀስ ብለው ያነብቡታል።

የጠየቁኝን ሁሉ እመልስልዎታለሁ። አዎ፣ ሊቆርጡት ነበር። በመጀመሪያው ስዕል ላይ ደሙ እስከ ጉልበት እንደ አባይ ፏፏቴ ነጭ ሆኖ ይወርድና ከግራ ጉልበት በታች ጠፍ ነበር፤ ምንም የለም። ቀዶ ሐኪሙ መጥፎ ሰው አይደለም። የተዘጋውን ቦታ አልፎ ደም ለማሻገር ከታች የሚቀበል ሥር መኖር አለበት፤ እዚህ ስዕል ላይ የሚቀበል የለም፤ ጣቱ ደግሞ እየከፋ ነው አለኝ። ቀኑም ተቆረጠ፤ መጋቢት 28፣ ሐሙስ። ጋሼ ሲነገራቸው ከፋሲካ በኋላ ቢሆንስ ብለው ጠየቁ፤ ቁስሉ አይጠብቅም ተባሉ። ቅጹ ላይ የምፈርመው እኔ ነበርኩ። ለእርስዎ እንዴት ብዬ እንደምጽፍ አጥቼ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሀብተወልድ ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ሆስፒታል መጣ። ደብዳቤዎን ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የማያየውን ዕቃ ያያል የሚለው ጋ ስደርስ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። ያ ሁሉ የሱቅ መስኮት፣ ያ ሁሉ የቀጭኔ ሥዕል! እኔ ስስቅባቸው እሳቸው ባታቸው እስኪለቃቸው ይጠብቁ ነበር። አለቀስኩ እትዬ፤ ጠራጊዋ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ።

ዶክተር ሙቱኩ ጋ ስገባ የጋሼን ስዕል እንደገና ዘርግታ ታያለች። ነገሩ አልተዋጠልኝም አለችኝ። ደህናው የተባለው የቀኝ እግርም ቁርጭምጭሚቱ ጋ ባዶ ነው፤ እግሩ ግን ሲዳሰስ ሞቃት ነው፤ ይህ እንዴት ይሆናል? ደብዳቤዎን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። እግሮቹን ያንጠለጥላል፣ ሁለቱንም የሚለው ጋ እጇን አነሳች።

«እህተማርያም፣ አልጋው ደሙን ቀድሞታል» አለችኝ። «ባዶ ያልነው ሥር ባዶ አይደለም። እኛ ደርሰን ስንመለስ ደሙ ገና መንገድ ላይ ነበር።»

ይህን ላስረዳዎ። በጤነኛ እግር መድኃኒቱ ከደሙ ጋር ፈጥኖ ይወርዳል። ሥሩ በብዙ ቦታ ሲጠብ ግን ደሙ በጎን በጎን ባሉ ቀጫጭን ሥሮች እየዞረ፣ እየተንጠባጠበ ነው የሚደርሰው። አዲሱ ማሽን ፈጣን ስለሆነ መድኃኒቱ ጉልበት ሳያልፍ አልጋው ጣት ጋ ደርሶ ነበር። ሳያርፍ የማይራመድ፣ እግሩን አንጠልጥሎ የሚተኛ ሰው መሆኑን ብናውቅ ኖሮ ለዘገምተኛ ደም በሚሆነው ፍጥነት እንሞላው ነበር። እኛ ግን የያዝነው የፈለገበት ቦታ የሚደርስ ሰው ነው።

ዶክተር ሙቱኩ ለቀዶ ሐኪሙ ደወለች። ሐሙስ ይለፍ፣ እንደገና እንየው አለችው። እሱም ዓርብን ፈቀደ።

መጀመሪያ ኩላሊታቸው መድኃኒቱን ዳግመኛ መቻሉ በደም ተመረመረ፤ ደህና ሆነ። ውሃ በደንብ መጠጣት ነበረባቸው፤ እዚህ ላይ ነው ጦርነቱ። ዓርብ፣ ያውም በዐቢይ ጾም፣ በጠዋት! አልጠጣም አሉ። የእኛን ቄስ አስመጣሁ። አባ ተክሉ ቁጣ አያውቁም፤ ብርጭቆውን ራሳቸው ባርከው ያዙላቸውና «ወንዳፍራሽ፣ እግዚአብሔር የሰጠህን እግር ማዳንም ጾም ነው» አሏቸው። ጠጡ። ሁለተኛውንም ጠጡ። ከጨረሱ በኋላ ለእኔ የዚህ ውሃ ኃጢአት የአንቺ ነው አሉኝ፤ ተቀብያለሁ።

ማሽኑን አዲስ ሞላሁት፤ ዶክተር ሙቱኩ አጠገቤ ቆማ ነበር። የአልጋውን ፍጥነት ከግማሽ በታች አወረድኩት። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲገባ አደረግሁ። ትልቁ ሥር ነጭ ከሆነ በኋላም ወዲያው አላስነሳሁም፤ ትንሽ ጠበቅሁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አልጋው አንዴ ጣት ጋ ከደረሰ በኋላ ወደ ጉልበት ተመልሶ ታችኛውን እግር ብቻ ሁለተኛ ጊዜ እንዲያነሳ አዘጋጀሁት። እግራቸው እንዳይበርደው በሞቀ ብርድ ልብስ ጠቀለልናቸው። ከመስታወቱ ወዲያ ሆነው ምን እንዳቆየኝ ጠየቁኝ። ዛሬ ቀስ ነው የምንሄደው አልኳቸው በማይክሮፎኑ። «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» ብለው መለሱልኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሲያልቅ ከጉልበት በታች አሁንም ደብዘዝ ያለ ነበር። አልጋው ተመለሰ፤ ሁለተኛው ጉዞ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደ ጥጥ ፈትል የቀጠነ ነጭ መስመር ታየ። አጥንቱን ተከትሎ ወረደ፣ ወረደ፣ ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፣ የእግራቸው መዳፍ ላይ ተዘረጋ። ዶክተር ሙቱኩ ትከሻዬን ጨበጠችው፤ እስካሁን ያመኛል።

ቀዶ ሐኪሙ መጥቶ ስዕሉን እያገላበጠ አየው። ከዚያ ይህ ይበቃኛል አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ከራሳቸው ጭን አንድ የደም ሥር ወስዶ፣ የተዘጋውን ቦታ አልፎ እዚያ ቀጭን መስመር ላይ ገጠመው። አውራ ጣቷ ግን አልተረፈችም እትዬ፤ ተወስዳለች። ልደብቅዎ አልፈልግም። እግሩ ግን አለ። ሞቃት ነው። የቀኙን እግር ደግሞ በመድኃኒትና በመራመድ እንጠብቀዋለን ብለዋል። ሲጋራውንም ትተዋል፤ መተው አለባቸው። ደብቀው ያጨሱ እንደነበር አውቃለሁ፤ እርስዎም ያውቃሉ።

ትላንት ሻል ሲላቸው ጠየቅኋቸው። ለምን ዋሹን አልኳቸው፤ እግርዎን ሊያሳጣዎ ነበር እኮ። አልዋሸሁም ብለው ተቆጡ። ቆይተው ግን እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እንዴት ነህ ላለኝ ሰው አመመኝ ብዬ መልሼ አላውቅም» አሉኝ። «ሐኪሙም እንደ ሰው ሰላም ያለኝ መሰለኝ።»

እኔም እንደ ዘመድ ነው ያስተረጎምኩት። ከአሁን በኋላ ግን የእኛን አገር ሰው ማሽኑ ላይ ሳስተኛ መጀመሪያ ጠያቂዎቹን አስወጣለሁ። ከዚያ እንዴት ነዎት አልልም፤ ከቤትዎ በር ተነስተው ስንት በር አልፈው ነው የሚያርፉት እላለሁ። ዶክተር ሙቱኩ ይህንን ለሁሉም በሽተኛ አድርጉት ብላለች።

ፋሲካን እዚህ እንፈስካለን። ኩለሱም ዶሮውን እኔ ካልገዛሁ ብላ ተጣልታኛለች። ጋሼ ግንቦት ላይ ይመጣሉ።

ልጅዎ
እህተማርያም


ባሕር ዳር
ግንቦት 29 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለዐይኔ ብርሃን ለእህተማርያም፤

እጅሽን ቁርጥማት አይንካው። የተማርሽበት ቤት ይክበር። ያቺ ሙቱኩ የምትያት ሴት ልጅ አላት ወይ? ካላት ለልጇ፣ ከሌላት ለራሷ ጥበብ እያስፈተልኩ ነው፤ ቁመቷን ጻፊልኝ። የኩለሱምንም ውለታ አልረሳሁ።

ጋሼሽ ገብቷል። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሠፈሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። ሰው እግሩን እግሩን ሲያይ ጊዜ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ አሳያቸው፤ እኔ በኀፍረት መሬት ልገባ። ጠባሳውን እያሳየ የናይሮቢ መንገድ ይለዋል። ጣቱን ለሚጠይቁት ግን ኬንያ ለቀረጥ አስቀረችብኝ ይላቸዋል። ሲጋራውን እስካሁን አላየሁበትም፤ ኪሱን በየቀኑ እፈትሻለሁ።

በቀን ሦስት ጊዜ እንዲራመድ ያዘዛችሁትን ይፈጽማል። ሲያመው ይቆማል። ድሮ ሲቆም ሰማይ ሰማይ ነበር የሚያየው፤ አሁን አመመኝ ይለኛል። ይህን ቃል ዐርባ ዓመት ሰምቼው አላውቅም። መጀመሪያ ያለኝ ቀን ቁጭ በል አልኩት፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

አሁን አንቺም ያላወቅሽውን፣ ለእሱም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። እኔ ባቱ እንደሚያመው አውቅ ነበር እንጂ ከእኔ ጋር መሄድ የተወው በዚያ ምክንያት ብቻ መሆኑን አላመንኩም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለልቅሶም፣ ለሠርግም እሱ በሳይክል ፊት ፊት ይሄዳል፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ ብቻዬን ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። ቀስ ብለህ አብረኸኝ ሂድ ብለው ሳይክሉን ይዤ አልራመድም ይለኛል። ሴት ልጅ ልብዋ ክፉ ያስባል። አርጅቼበት፣ ሰው ፊት ከእኔ ጋር መታየት አፍሮ መሰለኝ። ይህን ለሰው አልተናገርኩም። ደብዳቤ ላይም አልጻፍኩልሽም፤ ለሕመሙ አይጠቅምም ብዬ ነው። እሱ አገር ለቆ ሲሄድ ግን አንዱ ሐዘኔ ይኸው ነበር፤ ከእግሩ ቀጥሎ።

ግንቦት ሃያ ሦስት ጊዮርጊስን ልንሳለም ወጣን። ሳይክሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተወው። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ጊዜ አረፍን፤ ስንመለስ አንድ ጊዜ። ጎን ለጎን ነው የሄድነው። ሰው ሲያልፍ ክንዴን አልለቀቀም። እሱ የሽንኩርት ዋጋ ስንት እንደገባ ጠየቀኝ፣ እኔም ነገርኩት። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ ነጠላዬን አስተካከለልኝና ገባን።

እግዚአብሔር ለአንቺም እንዲህ ያለ አብሮሽ የሚሄድ ሰው ይስጥሽ።

እናትሽ
የሺወርቅ